ጅቡ አልሞተም

ወገኖቼ፣ የጎንደር ገጠር ሰዎች፣ ስለ አንዲት አህያ ላናግራችሁ ነው። ነገሩ በአህያዋ ቢያበቃ ኖሮ ዝም ባልኩ።

ደንቢያ ሜዳ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዷ (ስሟን አልጠራም፣ ያደረጉት ራሳቸውን ያውቃሉ) ጅብ በሌሊት ገብቶ አህያ በላ። በረቱ ደህና የድንጋይ ካብ ነበረው። በሩ ግን በአንድ የግራር ቅርንጫፍ ነበር የተዘጋው፣ ያውም ጉቶው ወደ ውጭ ዞሮ። ጅቡ ጉቶውን ነክሶ ጎተተና ገባ። ጠዋት ሰው ተሰበሰበ፣ ጅቡንም ረገመ፤ በሩን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። ማታ ላይ ምንም ጽሑፍ የሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ መጣ፣ ለሰብል ተባይ የሚረጭ መርዝ የተቀዳበት። የተረፈው ሥጋ በቢላ እየተበጣ መርዙ ፈሰሰበት፣ ሬሳውም ወደ ሸለቆው ተጎተተ። "ዛሬ ይገላግለናል" ተባለ።

ጅቡ የዚያን ሌሊት አልመጣም። ጠግቦ ነበር።

የመጡት ሌሎች ናቸው። ጥንብ አንሳ ከባድ ወፍ ስለሆነ መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሳ ድረስ ይጠብቃል፣ ማልዶ አይበርም። ሦስት ሰዓት ግድም አንዱ ወረደ። እሱ ሲወርድ በሩቅ የሚያንዣብበው አየው፣ ያንን ደግሞ ከእሱ ማዶ ያለው አየው። የዚህ ወፍ አኗኗር እንዲህ ነው፤ አንዱ የሌላውን አወራረድ እያየ ከብዙ ኪሎ ሜትር ይጠራራል። ስለዚህ አንድ የተመረዘ ሬሳ የሰፈሩን አሞራ ገድሎ አይበቃውም፣ የአገሩን ሁሉ ሰብስቦ ይፈጃል።

ይህ ዓይነቱ መርዝ የሚይዘው ነርቭን ነው። ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ መፍታት ያቅተዋል። መጀመሪያ ለሃጭ ይዝረበረባል፣ ቀጥሎ አንገት ይዘነበላል፣ እግር ይብረከረካል፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ይቆማል። ከሃያ በላይ ጥንብ አንሳ ወደቀ፤ ገሚሱ እዚያው ሬሳው ላይ፣ ገሚሱ ወንዙ ዳር። ሁለት ቁራ ሞተ። የጎረቤት እረኛ ውሻም ከሥጋው ቀምሶ እበሩ ላይ ሞተ።

እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሁለት ጎረምሶች አንዱን ጥንብ አንሳ ግራና ቀኝ ክንፉን ይዘው ዘረጉት፣ ከጫፍ ጫፍ ከ2 ሜትር በላይ ነው፣ ሦስተኛው በስልክ ፎቶ አነሳቸው። አንድ ትንሽ ልጅ "ይሄኛው እኮ ዓይኑን ይገልጣል" አለ። ሳቁበት! ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ነበር። አንድም "ኧረ ተው" ያለ የለም።

እናንተ ሰዎች፣ አህያ የሞተ ለት ማን ይቀብርላችሁ ነበር? ክርስቲያኑም እስላሙም አህያ አይበላም፣ አህያችን ሲሞት ገደል ነው የሚጣለው። ቀባሪው ያ የተሳቀበት ወፍ ነበር። ብዙ ሆኖ ከወረደ አንድ ከብት በሰዓታት ውስጥ ወደ አጥንት ይለውጣል። የጨጓራው አሲድ ሌላውን እንስሳ የሚገድል ጀርም ይፈጫል። ህንድ ይህንን በራሷ ላይ አይታዋለች። በፈረንጅ 1990ዎቹ ለከብት በሚሰጥ ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ምክንያት ጥንብ አንሳዋ አለቀ፣ ሬሳው ለውሻ ቀረ፣ ውሻው በዛ፣ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት በዛ። መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው በፈረንጅ 2006 ነው፣ ወፉ ካለቀ በኋላ።

ጥንብ አንሳ እንደ ዶሮ አይፈለፍልም። በዓመት አንድ እንቁላል ነው የሚጥለው፣ ለመውለድ እስኪደርስም ዓመታት ይፈጅበታል። እናቱ ወይም አባቱ ሸለቆው ውስጥ የቀረበት ጫጩት ገደል ላይ ባለው ጎጆው በረሃብ ይሞታል። ያንን ማንም ፎቶ አያነሳውም። ከሞቱት መካከል የነበረው ትልቁ ዓይነት ሳይንስ የሚጠራው በጀርመናዊው ሩፔል ስም ነው፤ ዋሊያንና ጭላዳን ለፈረንጅ ሳይንስ ያስተዋወቀው፣ በፈረንጅ 1830ዎቹ ስሜንንና ጎንደርን የጎበኘው ሰውዬ። በፈረንጅ ከ2015 ጀምሮ ጨርሰው ሊጠፉ ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ ነው ያለው። ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያየው የመጣውን እኛ በአንድ ጠርሙስ።

ልክ ነው፣ አህያ ቀላል ንብረት አይደለም። ውሃውም እህሉም እንጨቱም በእሷ ጀርባ ነው። የአህያ መሞት ቤት ያጎድላል፣ ቁጣውን አልነቅፍም። ግን የጅብ መላው ከአጥር ነው። ካቡ ከአራት ክንድ አይነስ። ከሥሩ ግማሽ ክንድ ቆፍራችሁ ትልልቅ ድንጋይ ቅበሩ፣ ጅብ ይምሳልና። ከላይ እሾህ ስትደርቡ ጉቶው ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ይሁን፤ ያኔ ከውስጥ ስትስቡት ይጠብቃል፣ ከውጭ የሚጨብጠው ያጣል። በሩ ጠባብ ይሁን፣ በሳንቃ ተዘግቶ ይወርወር። እሾህ በዓመቱ ይደርቃል፣ ምስጥም ይበላዋል፣ ክረምት ሲወጣ ታድሱታላችሁ። ፍየልና በግ ጣሪያ ያለው ጉረኖ ይግቡ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እያላችሁ የምትስቁት በማን ይመስላችኋል?

አንድ ነገር ደግሞ። መርዙ የፈሰሰበት ሬሳ አሁንም ሸለቆው ውስጥ ካለ በባዶ እጅ አትንኩት። የሞቱትን ወፎች ጭምር ሰብስባችሁ ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ርቃችሁ በጥልቁ ቅበሩ፣ ላዩን ድንጋይ ጫኑበት። እስከዚያው ውሻ ይታሰር። በእጁ የነካው በሳሙና ይታጠብ፣ ካዞረው ወይም ካስመለሰው ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጥ።

እኔስ? "ጅቡንማ መገላገል ነው" ሲባል ራሴን ከነቀነቁት አንዱ ነኝ። ጠርሙሱን አልያዝኩም፤ ራሴን ግን ነቅንቄያለሁ።

በሦስተኛው ሌሊት ጅቡ ተመልሶ መጣ። በሩ አሁንም ያው ቅርንጫፍ ነበር።

ሰሞኑን አንድ ጥንብ አንሳ ዋርካው ላይ አድሯል ይባላል፣ ብቻውን። ልጆቹ ድንጋይ እንዳይወረውሩበት ንገሯቸው። ለዛሬ ከዚህ የበለጠ አልጠይቃችሁም።