እርማት፦ የማርሱ ትልቅ ጉድጓድ ጄዜሮ ዛሬ ሐይቅ አይደለም

ሰላም የሐዋሳ ልጆች! «ማርስ ላይ ያለው ጄዜሮ እንደኛ ሐይቅ አሁንም ውሃ ሞልቶታል» የሚለው አስተያየት ከነሥዕሉ እየተዛመተ ነው። ሥዕሉ የናሳ ነው፤ ግን ፎቶ አይደለም። የጥንቱን ሁኔታ ለማሳየት የተሣለ ነው።

ጄዜሮ ሐይቅ የነበረው ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የዛሬው የማርስ አየር ግፊት ከምድር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃ ሜዳው ላይ ቢፈስ ወይ ይተናል ወይ በረዶ ይሆናል። የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት ፐርሰቨራንስ ከ2021 ጀምሮ እዚያ ያጠናው የጥንቱን ውሃ አሻራ ነው፦ ወንዝ ያመጣውን ደለል፣ የተነባበረውን ድንጋይ። ሌላው የናሳ ሮቦት ኪዩሪዮሲቲም በ2012 ሌላ ቦታ ላይ ውሃ እያንከባለለ ያለሰለሰው ጠጠር አግኝቷል። በጣም ደስ የሚል ማስረጃ ነው!

ማጣራት ቀላል ነው። የፐርሰቨራንስ ጥሬ ፎቶዎች ናሳ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ፤ አቧራና ድንጋይ ብቻ ታያላችሁ። ለሳይንስ ክበብ የምትጽፉ ተማሪዎች ሥዕሉን እንደ ፎቶ ከወሰዳችሁት፣ ውሃው የት ገባ የሚለው ትልቁ ጥያቄ ያመልጣችኋል።