«ትናንት ብትመጪ ኖሮ!»

የሦስት ወር አስቤዛ ልገዛ እስከ ሱቁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነዳሁ። ሁለት ሰዓት! ማቀዝቀዣ ሳጥኑን ከነበረዶው ጭኜ፣ የምገዛውን ዝርዝር እንደ ፈተና ሸምድጄ። ስደርስ መደርደሪያው ባዶ! የዋጋው ወረቀት ብቻ ተለጥፎ ይስቅብኛል። ባለሱቁ «አይ እህቴ፣ ትናንት ብትመጪ ኖሮ!» አይለኝም? ትናንት ደውዬ የለ እንዴ? «ሞልቷል፣ ነይ» ያለኝ ማን ነበር? ጎረቤቱ?

ሌላው መደርደሪያ ላይ የተረፈውን ባገላብጥ፣ ጊዜው ሊያልፍበት ሦስት ቀን ቀርቶታል። የሦስት ወር አስቤዛ በሦስት ቀን ልጨርሰው?

ከሁሉ የሚያበግነኝ የራሴ ነገር ነው። ባዶ እጄን ላለመመለስ ምኑም የማይገባኝን አምስት ጠርሙስ ስጎ ተሸክሜ መጣሁ። ሳጥኑ ውስጥ የቀረኝ የበረዶው ውሃ ብቻ ነው።

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ባለሱቁ።

«እህቴ፣ እቃው አሁን ገባ!»