የደረሰበትን ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» አንበል

የሰሜን ሸዋ ወገኖቼ ሆይ፤ ሰው በሥራ ላይ ሲሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» ማለታችን ለቤተሰቡ ማጽናኛ ይሆን ይሆናል እንጂ፣ በበሰበሰ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሠራተኛ ላወጣ ተቋራጭ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናትና ብርዷን የማያውቅ የለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ውርጭ የጥበቃ ሠራተኛው ከሰል አቀጣጥሎ የቆርቆሮ ቤቱን በር ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደሙ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ እየያዘ ተኝቶ እንዲቀር ያደርገዋል። «ፍም ከሆነ፣ ጭሱም ካለቀ አይጎዳም» የምንለው ፍጹም ስሕተት ነው፤ ጋዙ የሚወጣው ከዚያው ከፍሙ ነው። እኔም በወጣትነቴ በአንድ መጋዘን ሳድር ራሴን አዙሮኝ እየተንገዳገድሁ ወደ ደጅ በመውጣቴ ተርፌአለሁ፤ ባልንጀሮቼ ግን ቡዳ ነው ብለው ነጭ ሽንኩርት አሸተቱኝ። ወፍራም ካፖርት ገዝቶ ላለማልበስ የሳሳ አሠሪ፣ ሠራተኛው ሲሞት «ራሱ አቀጣጥሎት ነው» ለማለት ምን አፍ አለው?

ባልተሸፈነ የወፍጮ ቺንጋ አጠገብ ጋቢ ደርቦ መቆምም እንዲሁ ክንድን አሳልፎ መስጠት ነው። ድንጋይ ጠራቢዎችም አፋችሁን በፎጣ ስለሸፈናችሁ ብቻ ሳንባችሁን ያዳናችሁ አይምሰላችሁ፤ ደቃቁ ብናኝ በፎጣው ያልፋል፤ ድንጋዩን ውኃ እያርከፈከፉ መጥረብ ግን ብናኙን ይቀንሰዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያና አልባሳት የማቅረብን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ተከታዩ አንቀጽ ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም ያዝዛል። እኛ ዘንድ ግን የራስ ቁሩ ተቆጣጣሪ እስኪመጣ መጋዘን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ሰው ከወደቀ በኋላ ሲታደል ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ቁሩን አጥልቆ የመጣውን ልጅ «ፈሪ» እያልን የምንሳለቀው እኛው፣ የሥራ ባልደረቦቹ፣ መሆናችን ነው።

አሠሪዎች ሆይ፤ ዛሬ ማታ ከሰሉ ሳይቀጣጠል ወደዚያ የጥበቃ ቤት ሂዱ፤ ማንደጃውን ከደጅ አስቀሩና ለሰውየው ካፖርት ስጡት።