ማስተካከያ፦ የሉፐስ መድኃኒት መጠንና የኤኤንኤ ምርመራ

ስለ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ) ባወጣነው ጽሑፍ የበሽታው መድኃኒት የሆነው የሃይድሮክሲክሎሮኪን የቀን መጠን በኪሎ 6.5 ሚሊግራም ነው ብለን ነበር። ይህ የቆየ ቁጥር ነው። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 እ.ኤ.አ. ጣሪያውን ሰውየው በሚዛን ላይ በሚመዝነው ኪሎ 5 ሚሊግራም አድርጎታል። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ክፍል) ሊጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱም አይድንም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 300 ሚሊግራም ማለት ነው። ያለው ክኒን ባለ 200 ብቻ ከሆነ ሐኪሙ አንድ ቀን ሁለት፣ በማግስቱ አንድ ሊያዝ ይችላል፤ ክኒን ለመግመስ ከመታገል ይሻላል። የዓይን ምርመራ በመጀመሪያው ዓመት፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ይደረጋል። ኩላሊቱ የተጎዳ ወይም ታሞክሲፈን (የጡት ካንሰር መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ግን 5 ዓመት አይጠብቅም። መጠኑ በዝቶ ያገኘው ሐኪሙን ያማክር እንጂ በራሱ አያቁም፤ ማቋረጥ በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላል።

«ኤኤንኤ ፖዘቲቭ ከሆነ ሉፐስ ነው» ማለታችንም ስህተት ነው። ኤኤንኤ የራስን ሴል ኒውክሊየስ የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት በደም ውስጥ መኖራቸውን የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ ፖዘቲቭ ውጤት ጤነኞች ላይም ይገኛል። በ2019 የወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ሐኪሞች መስፈርት 1፡80 የደረሰ (ደሙ 80 ጊዜ ቀጥኖም የሚታይ) ኤኤንኤን መግቢያ ብቻ ያደርገዋል፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ የሕመም ምልክት ኖሮ ለምልክቶችና ለምርመራዎች የሚሰጠው ነጥብ ድምር 10 መሙላት አለበት። መስፈርቱም ቢሆን ለጥናት እንጂ በሽታውን ለመለየት የተዘጋጀ አይደለም።