ጎተራው ይቅደም ወይስ ሸንጎው?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ በማደግ ላይ ያለ አገር ኢኮኖሚውን አስቀድሞ ቢያሳድግ የፖለቲካ ለውጡ ራሱ ይከተላል ወይስ ሕዝብ ያልተጠየቀበት ዕድገት አይጸናም? «ጎተራው ይቅደም» የሚሉት በቡሬ እህል ሲነግዱ የኖሩ አባት ናቸው። የሚሞግታቸው በደብረ ማርቆስ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ነው።

ነጋዴው፦ መምህር፣ ከሚዛኔ ልጀምር። ድሮ በአህያ ሁለት ቀን ይጓዝ የነበረ በቆሎ፣ መንገድ ከገባ ወዲህ በአይሱዙ በግማሽ ቀን ደጄ ላይ ይራገፋል። ገበሬው ስልኩን አውጥቶ የባሕር ዳርን ዋጋ ሳይጠይቅ የጆንያውን አፍ አይፈታም። የሰጠሁትን ተቀብሎ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ኩንታሉ እንደገና ይመዘን ብሎ ይሟገተኛል። ከእኔ ጋር ሙግት የለመደ ሰው ነገ ሹሙንም ይሟገታል። ኮሪያን ተመልከት። የእኛ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ በ1943 ዓ.ም. ሲዘምት ያገኛት ፍርስራሽ ሆና ነው። ጄኔራል ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፣ በብርቱ እጅ ገዛ፣ ፋብሪካና መንገድ ሠራ። ልጆቹ ተማሩ፣ ደመወዝተኛው በዛ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ክራባት ያሰረው የቢሮ ሠራተኛ ሳይቀር አደባባይ ወጥቶ መሪውን በቀጥታ የመምረጥ መብቱን አስከበረ። ጎተራው ሞላ፣ ሸንጎው ተከተለ።

መምህሩ፦ ጋሼ፣ ኮሪያን በሁለት ቦታ ዘለሏት። የመሬት ክፍፍሉ የታወጀው ከፓርክ በፊት ነው፤ ጭሰኛው ባለመሬት ሆኖ ነበር። ሁለተኛ፣ ለውጡ ራሱን ችሎ አልተከተለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በጓንግጁ ወታደር በዜጋው ላይ ተኩሷል፤ በ1987ም ያን ሁሉ ሰው አደባባይ ያወጣው በምርመራ ላይ የተገደለ ተማሪ ነበር። ዕድገት ብቻውን ለውጥ የሚወልድ ቢሆን ቻይና ትቀድም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አድጋ አድጋ፣ በ2018 የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን ገደብ ከሕገ መንግሥቷ ሰረዘች።

ደግሞ ቡሬ ተቀምጠው የ1960 ዓ.ም.ን የጎጃም ገበሬ አመፅ እንዴት ረሱት? የንጉሡ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። አዋጁ በወረቀት ሲነበብ ክፉ አልነበረም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል የሚል ነው። ገበሬውን ግን የጠየቀው የለም። እሱ የታየው ቀላድ፣ የመሬት መለኪያ ገመድ፣ የሚጥል ሰው ርስቱ ላይ ሲቆም ነው። ርስቴ ሊሄድ ነው ብሎ ተነሣ። ጦር ተላከበት፣ አውሮፕላን ሳይቀር መጣበት። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። ሸንጎ ቢኖርና ቀድሞ ቢመከርበት ያ ሁሉ ሰው ለምን ይሞታል? ተማሪዎቼ አያቶቻቸውን ጠይቀው ሲመጡ፣ የግብሩን መጠን የሚያስታውስ ብዙም አይገኝም። የቀላዱን ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ነጋዴው፦ አልረሳሁትም፤ አባቴ ከጫካ ገብተው የወጡ ሰው ናቸው። ግን ሕንድን ምን ልትላት ነው? ነፃ ከወጣች ጀምሮ ስትመርጥ ኖራ፣ ዕድገቷ የፈጠነው እ.ኤ.አ. ከ1991 ማሻሻያ ወዲህ ነው። አርባ ዓመት ድምፅ ሰጥቶ ድሃ ሆኖ መኖር አለ።

መምህሩ፦ አለ፣ እውነት ነው። ሆኖም ነፃ ከወጣች ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1943ቱ የቤንጋል ረሃብ ዓይነት ሚሊዮኖች የረገፉበት ረሃብ አላየችም፤ ጋዜጣው ይጮኻል፣ ተቃዋሚው ይጠይቃል። በእኛ አገር የወሎ ረሃብ በ1965 እና በ66 ዓ.ም. ሲደበቅ ሰው አለቀ። ቦትስዋናም አለችልዎ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ነፃ ስትወጣ ከዓለም ድሆች አንዷ ነበረች፤ እየመረጠች አደገች፣ በ2024ም 58 ዓመት የገዛው ፓርቲ ተሸንፎ በሰላም አስረከበ።

ነጋዴው፦ አልማዝ ያላት፣ ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን የማይሞላ አገር ናት። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ከሆነው ከእኛ ጋር አትስተካከልም።

መምህሩ፦ አልማዝስ ስንቱን አገር አፋጀ! ወደ ቤታችን ልመለስ። ከ1996 ወዲህ በመንግሥት ቁጥር ኢኮኖሚው በየዓመቱ በአሥር በመቶ ገደማ አደገ ሲባል ኖሮ በ2008 ወጣቱ ጎዳና ወጣ።

ነጋዴው፦ ያ ለእኔ ነው የሚመሰክረው! ያስተማረው ዕድገቱ አይደለም?

መምህሩ፦ አስተማረው፤ የሚናገርበት ቦታ ግን አልሰጠውም። ስለዚህ በድንጋይና በጥይት ተነጋገሩ። በ2015 ክረምትስ? ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ አቤት ሲል ከርሟል። አንድ መጋዘን በር ላይ ጋቢ ተከናንበው ያደሩ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ ዝናቡ ጥሎ ማሳው ተዘጋጅቷል፣ ዩሪያው የለም። ስንት ኩንታል ገባ፣ ለማን ተሰጠ ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው አልነበረም።

ነጋዴው፦ ይኼንን አልክድህም። ያን ዓመት እኔ ዘንድ የደረሰው በቆሎም ያሳዝን ነበር። ነገር ግን መንገድና መብራት ፖለቲካው እስኪስተካከል ይቆይ ካልከኝ አልሰማህም።

መምህሩ፦ አይቆይ ጋሼ። መንገዱ በማን ማሳ እንደሚያልፍና ካሳው ስንት እንደሆነ ግን ዶዘሩ ሳይገባ ባለማሳው ይጠየቅ።