ላይከን ከአበባ ጋር አንድ አይደለም

ስለ ላፕላንድ፣ ስለ ሰሜን አውሮፓው ቀዝቃዛ ምድር፣ ያነበብኩት ጽሑፍ የአካባቢውን ነጭ ላይከንና ፋየርዊድ የተባለውን ሐምራዊ አበባ «ብርድ የለመዱ ዕፅዋት» ብሎ አንድ ላይ መመደቡ አልተዋጠልኝም። ላይከን፣ የድንጋይ ሽበት የምንለው ወገን፣ ዕፅ አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት አካል ነው። ሥር ስለሌለው እርጥበቱንም ማዕድኑንም በአብዛኛው ከአየርና ከዝናብ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1986 ከቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ የተነሣው ሲዚየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የላፕላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች ወደሚያረቧቸው አጋዘኖች ሥጋ የገባው በዚሁ መንገድ ነው፤ ላይከኑ ወሰደው፣ አጋዘኖቹ ደግሞ ላይከኑን በሉት። ፋየርዊድ ጥጥ የመሰለ ፀጉር ያለውን ዘሩን ነፋስ ይበትንለታል፤ ጫካ ከተቃጠለ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ቦታውን ይሞላዋል። ላይከኑ ግን በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንዴ ከተቃጠለ ወይም በከባድ መኪና ከተፈጨ ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። የጽሑፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍል ስለ ላይከኑ አንድ መስመር ብቻ መያዙ ያሳዝናል። አጋዘኖቹ እኮ የበረዶውን ወራት የሚያልፉት በረዶውን በሰኮናቸው ጭረው እሱን በመብላት ነው!