ከመስኮት ወደ መስኮት የሚጎተት ጽሑፍ ከምንጩ መጥፋት የለበትም

ደሴ ውስጥ በየፍርድ ቤቱ አቅራቢያ ባሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ውል ሲዘጋጅ ከባዶ ገጽ የሚጀመረው ከስንት አንዴ ነው። ያለፈው ፋይል በግራ፣ አዲሱ በቀኝ ይከፈታል፤ የሚፈለገው አንቀጽ በማውስ ይጎተትና አዲሱ ላይ ይጣላል። ኤዲተሩ (ጽሑፉ የሚዘጋጅበት ፕሮግራም) መጎተትን እንደ ካት የሚቆጥር ከሆነ አንቀጹ ከአሮጌው ፋይል ወጥቷል። መስኮቱ ሲዘጋ ለሚመጣው የ«ሴቭ» ጥያቄ በልማድ «የስ» ይባላል። ጉድለቱ የሚታወቀው የመጀመሪያው ደንበኛ ሌላ ቅጂ ፈልጎ ሲመጣና የቅጣቱ አንቀጽ ከውሉ ውስጥ ሲታጣ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊዋን መውቀስ አግባብ አይደለም። ኤዲተር የሚሠሩ ሰዎች ሕጉን መቀየር አለባቸው፦ በአንድ ሰነድ ውስጥ የተጎተተ ይዛወር፣ በሁለት ሰነዶች መካከል የተጎተተ ኮፒ ይሁን።

ሕጉ እንግዳ አይደለም። ዊንዶውስ ለፋይሎች የሚሠራበት ነው፤ በአንዱ ዲስክ ውስጥ የተጎተተ ፋይል ቦታ ይቀይራል፣ ከሃርድ ዲስክ ወደ ፍላሽ የተጎተተ ግን ኮፒ ይሆናል። በጽሑፍ ላይ አደጋው እንዲያውም ይብሳል፤ ምክንያቱም የ«አንዱ» (የተሠራውን ወደኋላ የመመለሻው ትእዛዝ) ታሪክ ለእያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ነው የሚያዘው። አዲሱ ፋይል ላይ ኮንትሮል ዜድ ሲጫኑ የመጣው አንቀጽ ይጠፋል፣ አሮጌው ላይ ግን አይመለስም። ያን ጊዜ አንቀጹ በሁለቱም ፋይል ውስጥ የለም። ወደ አሮጌው መስኮት ሄዶ እዚያም ኮንትሮል ዜድ መጫን ያስፈልጋል፤ ይህንን ደግሞ የሚነግር ምልክት የለም።

ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሶፍትዌር የሚማር ሰው ኤዲተር ልሥራ ቢል የመጀመሪያ ፈተናው ሁለት ዓይነት መጎተት መኖሩ ነው። ሰሌክት ባልተደረገ ቦታ ላይ ተጭኖ መጎተት ሰሌክት ማድረግ ነው፤ ሰሌክት በተደረገ ጽሑፍ ላይ ተጭኖ መጎተት ደግሞ ጽሑፉን ማንሳት ነው። ማንሳቱ የሚጀምረው ማውሱ ትንሽ ርቀት ሲሄድ ነው፤ በተለመደው ቅንብር ዊንዶውስ 4 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ)፣ የፕሮግራም መስኮት መሥሪያ የሆኑት ጂቲኬ 8፣ ኪውት 10 ፒክስል ይጠብቃሉ። ባረጀና በሚንቀጠቀጥ ማውስ 4 ፒክስል በጣም ያንሳል፤ ክሊክ ልናደርግ ስንል አንቀጹ ይነሳል። ወደ 10 ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው።

ሰሌክት እየተደረገ ማውሱ ወደ ጎረቤት መስኮት ቢሻገርስ? መልሱ አንድ ነው፦ የማውሱ ቁልፍ እስኪለቀቅ ድረስ ሰሌክሽኑ የሚመለከተው የተጀመረበትን መስኮት ብቻ ነው። ኤዲተሩ ይህን ሲረሳ ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው። በግራው ፋይል 120ኛው ፊደል ላይ ተጀምሮ፣ ማውሱ በቀኙ ፋይል 45ኛው ፊደል ላይ ተለቀቀ እንበል። ፕሮግራሙ 45 የሚለውን ቁጥር ብቻ ወስዶ ግራው ላይ ካዋለው፣ ማንም ያልነካው ከ45 እስከ 120 ያለው ጽሑፍ ሰሌክት ይሆናል፤ ዲሊት ቢጫኑ 75 ፊደል ሄደ። ኢማክስ በሚባለው ኤዲተር ውስጥ የመጎተት ክስተት መነሻውንም መድረሻውንም ከነመስኮታቸው ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከማነጻጸር በፊት መስኮቶቹ አንድ መሆናቸውን ማረጋገጥ የግድ ነው። ከተለያዩ ሰሌክሽኑ በመነሻው መስኮት ጠርዝ ላይ ይቁም።

ሌላው ስሕተት የሚመጣው አንድ ፋይል በሁለት መስኮት ሲከፈት ነው። ከ100ኛው ፊደል ጀምሮ ያሉ 20 ፊደላት ወደ 300 ይዛወሩ ቢባልና መጀመሪያ ቢሰረዙ፣ 300 የነበረው ቦታ አሁን 280 ነው። መስኮቶቹ ስለተለያዩ ሰነዱም የተለየ የመሰለው ኤዲተር ይህን ሳያስተካክል 20 ፊደል ዘልሎ ይጥላል። መታየት ያለበት የሰነዱ ማንነት ነው። ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ ማስገባት፣ መግባቱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ መሰረዝ ይሁን፤ እንስራ የሚቀባበሉ ሁለት ሰዎች አንደኛው ሳይጨብጥ ሌላው አይለቅም። ጣቱ ተነስቶም ሰሌክሽኑ ማውሱን ከተከተለ የመልቀቂያው መልእክት በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቁልፉ አሁንም መያዙን መጠየቅ ነው።

በእኛ ፊደል ላይ የሚጨመር ጣጣ አለ። ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ 8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ወሎ» 6 ባይት ነው። የመጣያ ቦታን በባይት የሚቆጥር ኤዲተር ከ4ኛው ባይት በኋላ ቢጥል «ሎ»ን ለሁለት ሰንጥቆ የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል። ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ደግሞ ወደ ተራ ኤዲተር ሲጎተት ፎንቱ ወደኋላ ስለሚቀር የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆኖ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ዐረብኛ ጥቅስ ከአማርኛ ጋር ለሚያቀናጁ የወሎ ጸሐፊዎች፣ ከቀኝ የሚጀምረውና ከግራ የሚጀምረው ጽሑፍ በሚገናኙበት ቦታ ከርሰሩ ሁለት ትርጉም አለው። እዚያ ላይ በመጎተት ፈንታ ኮፒና ፔስት ይሻላል።

ኤዲተሩ እስኪሻሻል ጸሐፊው ራሱን መጠበቅ ይችላል። ሲጎትቱ ኮንትሮልን መያዝና ከማውሱ ቁልፍ በኋላ መልቀቅ ኮፒ ያደርጋል፤ ማክ ላይ ቁልፉ ኦፕሽን ነው። ሐሳብ ቢቀየር ሳይለቁ ኢስኬፕ መጫን ይሰርዘዋል። ዎርድ ላይ ጨርሶ መዝጋት ለሚፈልግ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ጽሑፍ መጎተትን የሚፈቅደውን ምልክት ማንሳት ይበቃል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ ሴቭ ያልሆነ ፋይል ትሩ ላይ ቀይ የዲስክ ምልክት ይታይበታል፤ ኮፒ ብቻ የተወሰደበት ፋይል ከቀላ ግን ተነክቷልና፣ ሴቭ ሳይደረግ እዚያው ላይ ኮንትሮል ዜድ መጫን ነው።